ለማይሳፈሩ መንገደኞች የሚከፈል ገንዘብ

«ደለስ ኤርፖርት ፓርኪንግ በቀን ስንት ነው።» «የሊሞ ሾፌር ሥራ ቨርጂኒያ።» «ከደለስ ወደ ዲሲ በሜትሮ።» «የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስልክ ቁጥር ደለስ።» «ካር ሰርቪስ ኦይል ቼንጅ።» «ዳላስ ኤርፖርት ሆቴል።»

እነዚህን የጻፉት ሰዎች አይተዋወቁም። ሁሉም ግን ጉግል ላይ ሲፈልጉ የአንድ ሰው ማስታወቂያ ወጥቶላቸዋል፤ ሁሉም ነክተውታል፤ በነኩት ቁጥር ደግሞ ባለማስታወቂያው ከፍለዋል። እኒህ ሰው በሰሜን ቨርጂኒያ ሦስት ጥቁር መኪኖች ያሏቸው፣ መንገደኛ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤትና ወደ ሆቴል የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። መኪና የሚያቆምበት ለሚፈልግ ሰው፣ ዘይት ለሚያስቀይር ሰው፣ ቴክሳስ ውስጥ አልጋ ለሚይዝ ሰው የሚሸጡት ነገር የላቸውም።

ቢሮው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በእንጀራ መሸጫና በሐዋላ ቤት መካከል ያለ አንድ ክፍል ነው። ባለቤቱ በዋሽንግተን አካባቢ እንዳሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ታክሲ ነድተው፣ ያጠራቀሙትን በራሳቸው መኪኖች ላይ ያዋሉ ሰው ናቸው፤ ሾፌሮቹም ደንበኞቹም «ጋሼ» ይሏቸዋል። የማስታወቂያውን ሥራ የያዘችው የእህታቸው ልጅ ናት። ቀን አካውንቲንግ ትማራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ የአጎቷን ሒሳብ ትይዛለች። በደረስኩበት ምሽት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከላፕቶፑ ላይ መስመር በመስመር ያነብቡ ነበር። የተከፈተው ጉግል አድስ ውስጥ ያለው የፍለጋ ቃላት ሪፖርት ነው። በአንድ በኩል ሰዎች የጻፉት ቃል በቃል ይታያል፤ ከጎኑ ስንት ጊዜ እንደተነካና ስንት ዶላር እንደወጣበት፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ከነኩት ውስጥ ስንቱ ደውሎ መኪና እንደያዘ። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ የበዛበት ነው።

«ይሄኛውስ ጋሼ፤ ‹የሊሞ ሾፌር ሥራ›?»

«እሱ እንኳ እንጀራውን ፈላጊ ነው እንጂ ተሳፋሪ አይደለም።»

«ይታገድ?»

«ይታገድ። ስልኩን ብትሰጪኝ ግን ለቅዳሜና እሁድ ሾፌር እፈልግ ነበር።»

ቀጣዩ የአየር መንገዱን ስልክ የሚፈልግ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የመደወያ ምልክት ስላለ ሰዎች የአየር መንገዱ መስሏቸው በቀጥታ ጋሼ ጋ ይደውላሉ። «ባለፈው አንዲት እናት ሻንጣዬ አልደረሰም ብለው ሲያለቅሱ ምን ልበላቸው? ትክክለኛውን ቁጥር ፈልጌ ሰጠኋቸው» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ «ስልክ ቁጥር» የሚለውን ሐረግና የአየር መንገዱን ስም ወደ ሌላ ዝርዝር አሻገረቻቸው።

ያ ሌላ ዝርዝር በሙያው ቋንቋ ኔጋቲቭ ኪወርድ ይባላል። ማስታወቂያ አስነጋሪው «እነዚህ ቃላት ባሉበት ፍለጋ ላይ እኔን አታውጡኝ» ብሎ የሚያስመዘግባቸው ቃላት ማለት ነው። ለማስመዝገብ ምንም አይከፈልም። ይሁን እንጂ በትንንሽ ነጋዴዎች አካውንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ይኸው ዝርዝር ነው። ሰው ሁሉ የሚገዛውን ቃል ለመምረጥ ይጨነቃል፤ የማይፈልገውን ለመጻፍ የሚቀመጥ ግን ጥቂት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ክሊክ 4 ዶላር፣ የቀኑ በጀት 40 ዶላር ነው እንበል። በጀቱ አሥር ክሊክ ይገዛል። ከአሥሩ ስድስቱ ፓርኪንግ፣ ሥራ፣ ሜትሮና የመሳሰለውን የሚፈልጉ ከሆኑ በቀን 24 ዶላር፣ በወር ወደ 730 ዶላር ለማይሳፈር ሰው ይከፈላል። የወሩን ስሌት በ30.4 ያባዛሁት ጉግል ራሱ የሚያባዛው በዚሁ ስለሆነ ነው። ኩባንያው ፍለጋ በበዛበት ቀን የዕለቱን በጀት እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ በወሩ መጨረሻ ግን ከዕለታዊው በጀት 30.4 እጥፍ በላይ አያስከፍልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከሰባት መቶ ሠላሳው ዶላር በስተጀርባ ያለው ነው። በጀቱ በስድስቱ ካለቀ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ በርራ ደለስ የደረሰች፣ ሁለት ልጅና አራት ሻንጣ የያዘች ሴት ስልኳን ከፍታ መኪና ስትፈልግ ማስታወቂያው አይወጣላትም። የጠፋው ደንበኛ በፍለጋ ቃላት ሪፖርቱ ላይ አይታይም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በፍለጋ ቃል ላይ ጨረታ ማውጣትንና በክሊክ ማስከፈልን ገበያ ላይ ያዋለው ካሊፎርኒያዊው ቢል ግሮስ ሲሆን፣ ጎቱ ዶት ኮም በተባለው ድርጅቱ በ1998 ጀመረው። ድርጅቱ በኋላ ኦቨርቹር ተብሎ በ2003 ለያሁ ተሸጠ። ጉግል አድወርድስን በጥቅምት 2000 ሲከፍት 350 ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ነበሩት፤ ያን ጊዜ ክፍያው ማስታወቂያው በታየበት ብዛት ነበር። በ2002 ወደ ክሊክ ጨረታ ተሸጋገረ፤ በ2018 ስሙን ወደ ጉግል አድስ ቀየረ። ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ነጋዴው ቃል ይመርጣል፣ ፈላጊው ይጽፋል፣ ኩባንያው ሁለቱን ያገናኛል፣ ሲነካ ያስከፍላል።

የተለወጠው «ያገናኛል» የሚለው ነው። ድሮ «ደለስ ኤርፖርት ካር ሰርቪስ» የሚለውን ኤግዛክት ብሎ የመዘገበ ነጋዴ ማስታወቂያው የሚወጣው በትክክል ይህንን ለጻፈ ሰው ነበር። በ2014 ነጠላና ብዙ ቁጥሩ፣ የፊደል ስሕተቱም ተጨመረበት። በ2017 የቃላቱ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም ይወጣል ተባለ። በ2018 ደግሞ ትርጉሙ ከተመሳሰለ ቃሉ ሌላ ቢሆንም ይወጣል ተባለ። በ2021 ብዙ ባለሙያዎች ይመኩበት የነበረው፣ በየቃሉ ፊት የመደመር ምልክት የሚደረግበት የማጥበቂያ ዘዴ ተሰረዘ። ነጋዴ አካውንት ሲከፍት ቃሉን እንዲሁ ከጻፈው የሚመዘገበው በብሮድ፣ በሰፊው ዓይነት ነው። እዚያ ላይ «ካር ሰርቪስ» ያለ ሰው ሊሞ ከሚፈልገውም፣ መኪናውን ሰርቪስ ከሚያስደርገውም ጋር ይገናኛል። የአውሮፕላን ማረፊያውን ኮድ፣ አይኤዲን፣ የመዘገበውን ሰው ማስታወቂያ ደግሞ በዚያው ምሕጻረ ቃል ስለ ቆዳ መቆጣት የምታጠና ነርስ ልትነካው ትችላለች፤ በሕክምናው ዓለም አይኤዲ ሌላ ነገር ነውና።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ባለማስታወቂያዎችን ከሚያጋጥሟቸው ነገሮች ሁሉ የከፋው ቀጥሎ ያለው ይመስለኛል። ለመግዛት የተመረጠ ቃል ይለጠጣል፤ ለማገድ የተመረጠ ቃል አይለጠጥም። «ሥራ» የሚለውን በእንግሊዝኛ በነጠላ ያገደ ሰው ብዙ ቁጥሩን አላገደም። ብዙውንም ቢጨምር «ደሞዝ»፣ «ቅጥር»፣ «ማመልከቻ» የሚሉት በነጻነት ያልፋሉ። የሚገዛው ቃል ግን ሳይጠየቅ ወደ ዘመዶቹ ሁሉ ይሄዳል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ የታገደ ቃል የፊደል ግድፈቶቹንም እንዲያግድ ተደርጓል፤ ይህ እፎይታ ነው። ተመሳሳይ ትርጉም ያለውንና የቁጥር ልዩነቱን ግን አሁንም ነጋዴው በእጁ መጻፍ አለበት። ገንዘብ በሚያስወጣው በኩል በሩ ወለል ብሎ፣ ገንዘብ በሚያድነው በኩል በእያንዳንዱ ቃል ቁልፍ የሚጠይቅ አሠራር ሆን ተብሎ ነው አልልም፤ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። የማስታወቂያ ባለሙያ መቅጠር የሚችለው ድርጅት ዝርዝሩን የሚጽፍለት ሰው አለው። ሦስት መኪና ላለው ሰው ያለችው የእህቱ ልጅ ናት።

የማገጃው ቃልም ሦስት ዓይነት ነው። ነባሪው ብሮድ ነው። «ፍሪ ሻትል» ተብሎ በብሮድ ከታገደ፣ ሁለቱም ቃላት ፍለጋው ውስጥ እስካሉ ድረስ ቢገላበጡም ማስታወቂያው አይወጣም፤ አንዱ ብቻ ካለ ግን ይወጣል። በፍሬዝ ከታገደ ሁለቱ በዚያው ቅደም ተከተል መገኘት አለባቸው። በኤግዛክት ከታገደ ደግሞ ፍለጋው እሱው ብቻ፣ ሌላ ቃል ያልታከለበት መሆን ይገባዋል። ልጅቷ አብዛኛውን በፍሬዝ ትመዘግባለች፤ ኤግዛክትን የምትጠቀመው አንድ የተወሰነ ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ሲበላና ቃላቱ ግን በሌላ ቦታ ሲጠቅሟት ነው። «ፓርኪንግ»ን ግን ብቻውን በብሮድ አገደችው። ፓርኪንግ ብሎ ጽፎ ሊሞ የያዘ ሰው በሪፖርቱ ላይ አላገኘችም።

በአማርኛ ማገጃ የሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ሥራ አለበት። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ነጻ» እና «ነፃ»፣ «ዋጋ ዝርዝር» እና «የዋጋ ዝርዝር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የሁሉንም አጻጻፍ ማስገባት ይሻላል። በውጭ ያለው ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ደግሞ እንጀራን ብቻ በስንት መልክ እንደሚጽፈው ማንም ያውቀዋል።

ጋሼ ትዕግሥታቸው ያለቀው «ታክሲ» ላይ ሲደርሱ ነው።

«ታክሲ የሚል ሁሉ ይታገድ። እኔ ታክሲ አይደለሁም። ታክሲ ፈላጊ ዋጋውን ሲሰማ ይዘጋል።»

«ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቱ» አለችና ጣቷን በመጨረሻው ዓምድ ላይ አደረገች። «ታክሲ ወደ ደለስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው ደውሎ፣ ለራሱና ለባለቤቱ መኪና ይዟል። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

«እሱን አስታወስኩት። ከሬስተን ነበር ያነሳኋቸው።»

«ስለዚህ ታክሲን አናግደውም። ‹የታክሲ ታሪፍ ማስሊያ›ን ግን እናግደዋለን፤ ‹የታክሲ ፈቃድ›ንም።»

የዚህ ሥራ ዕውቀት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማገድ ከግምት ሳይሆን ከሪፖርቱ መነሳት አለበት። «ርካሽ» የሚለውን ቃል ብዙ አማካሪዎች ገና አካውንት ሲከፈት እንዲታገድ ይመክራሉ። ግን ርካሽ ብሎ የሚጽፈው ሰው ሁሉ አይከፍልም ማለት አይደለም፤ ማን ነው ውድ ብሎ የሚፈልግ? መልሱ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። ዓምዱ እንዲሞላ ደግሞ ስልክ ጥሪውና የድረ ገጹ ቅጽ እንደ ውጤት እንዲቆጠሩ አስቀድሞ መያያዝ አለባቸው። ይህ ያልተደረገበት አካውንት ላይ ቃል ማገድ ጨለማ ውስጥ እንደ መልቀም ነው።

ከልክ በላይ ማገድም ገንዘብ ይገድላል። በዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ነጋዴ ከዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል በኩል የሚመጡ ክሊኮች አስቸግረውት «ዋሽንግተን»ን በብሮድ ቢያግድ፣ «ዋሽንግተን ዲሲ» ያሉትን ሁሉ አብሮ ያባርራቸዋል። ማገድ ያለበት «ሲያትል»ን፣ «ታኮማ»ን፣ «ዋሽንግተን ስቴት» የሚለውን ሐረግ ነው። ጉግል አድስ የሚገዛው ቃልና የሚታገደው ቃል ሲጋጩ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያውን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ዳላስ ከሁሉ ያስቸግራል። በ1962 የተከፈተው የቨርጂኒያው አውሮፕላን ማረፊያ በአይዘንሃወር ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት ጆን ፎስተር ደለስ ስም ነው የተሰየመው። የቴክሳሱ ከተማ ዳላስ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገሩ ይቀራረባሉ፤ አሜሪካኖች ራሳቸው ሲጽፏቸው ያምታቷቸዋል። «ዳላስ»ን ማገድ ቴክሳስ ውስጥ መኪና የሚፈልገውን ያስቀራል፤ «ዳላስ ኤርፖርት ወደ አርሊንግተን» ብሎ የጻፈውን የቨርጂኒያ መንገደኛም ያስቀራል። ነገሩን የሚያብሰው ቴክሳስም አርሊንግተን የሚባል ከተማ ያላት መሆኑ ነው። የአካባቢ ምርጫውን ቨርጂኒያ ላይ መገደብም ብቻውን አይፈታውም፤ ምክንያቱም የጋሼ ደንበኞች ብዙዎቹ ገና ሳይሳፈሩ፣ ከሌላ ከተማ ሆነው ነው መኪና የሚይዙት። ልጅቷ ያገኘችው መላ ካምፔኑን፣ ማለትም የማስታወቂያውን ዘመቻ፣ ለሁለት መክፈል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ሰዎች በሚወጣው ካምፔን «ዳላስ» አልታገደም፤ እዚያ ቆሞ ዳላስ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደለስ ማለቱ ነውና። ከሌላ ከተማ ለሚፈልጉት በሚወጣው ካምፔን ግን «ዳላስ»፣ «ቴክሳስ»፣ «ፎርት ወርዝ»፣ «ዲኤፍደብሊው» ሁሉ ታግደዋል።

ትልልቆቹም ያለ ጥቅም ለክሊክ ከመክፈል አያመልጡም። ኢቤይ በ2012 አንድ ሙከራ አደረገ። «ኢቤይ» የሚለው ስም ባለበት ፍለጋ ላይ በያሁና በኤምኤስኤን ያወጣው የነበረውን ማስታወቂያ አቆመ። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታዴሊስ ውጤቱን አጥንተው በ2015 በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት አሳተሙት፤ ከማስታወቂያው ይመጣ ከነበረው ጎብኚ 99.5 በመቶ የሚሆነው በነጻው የፍለጋ ውጤት በኩል ገብቶ ተገኘ። ስሙን ጽፎ የሚመጣ ሰው መንገዱን ያውቃል። ለትንሽ ነጋዴ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ተፎካካሪ በስሙ ላይ ማስታወቂያ ከገዛ ስሙን መከላከል ሊኖርበት ይችላል። ግን የራሱን ስም ለጊዜው አግዶ ስልኩ መደወሉን ይቀጥል እንደሆነ መፈተን ማንም የሚችለው ነው።

የሚያሳዝነኝ፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስችለው ሪፖርት እየደበዘዘ መሄዱ ነው። በመስከረም 2020 ጉግል በሪፖርቱ ላይ የሚታዩት በቂ ቁጥር ያላቸው ሰዎች የጻፏቸው ፍለጋዎች ብቻ እንደሚሆኑ አስታወቀ፤ ምክንያቱ የተጠቃሚዎችን ምስጢር መጠበቅ ነው ተባለ። ገንዘቡ የወጣበት፣ ቃሉ ግን የማይታይ ክሊክ በዛ። በ2021 የመጣው ፐርፎርማንስ ማክስ የተባለው የካምፔን ዓይነት ደግሞ ቃል መምረጡን ለማሽኑ ተወው፤ ነጋዴው በካምፔኑ ላይ ራሱ ቃል ማገድ የቻለው በ2025 ነው፤ መጀመሪያ እስከ 100፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እስከ 10,000። በ2023 በመላው አካውንት ላይ የሚሠራ፣ እስከ 1,000 ቃል የሚይዝ የማገጃ ዝርዝር ተጨምሯል። ማሽኑ የሰውን ፍላጎት ከሰው በላይ ያውቃል የሚለውን የኩባንያውን ክርክር ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። በቀን ብዙ ሺህ ሽያጭ ያለው ድርጅት ማሽኑን የሚያስተምርበት በቂ መረጃ አለው። በሳምንት ጥቂት ጉዞ ብቻ የሚያገኝ ሰው ግን ማሽኑን የሚያስተምረው በራሱ ኪሳራ ነው።

ዝርዝር ቢረዝምም የማይደርስበት አለ። ሰው ስልኩን እያናገረ ረጅም ዓረፍተ ነገር መፈለግ ለምዷል፤ ፍለጋው ከ16 ቃላት ካለፈ ከዚያ በኋላ የመጣ የታገደ ቃል ማስታወቂያውን ላያስቀረው ይችላል። ለዚህ ልጅቷ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ራሱን ማጣሪያ አደረገችው። ድሮ «አስተማማኝ የደለስ ትራንስፖርት» ይል የነበረውን አወጣችና «በቀጠሮ የሚያዝ ጥቁር መኪና ከሾፌር ጋር» የሚለውን አስገባች፤ ከሥሩ መነሻ ዋጋውን ጻፈች። ነጻ ሻትል የሚፈልግ ዋጋውን አይቶ ያልፋል፤ ሳይነካ ስላለፈ አይከፈልበትም። ጋሼ ዋጋ በአደባባይ መጻፉን አልወደዱትም ነበር። ተፎካካሪ ያያል ብለው ተከራከሩ። «ጋሼ፣ ተፎካካሪውማ ደውሎም ይጠይቅዎታል» አለቻቸው። ፈገግ አሉና ዋጋውን ራሳቸው አስተካክለው ነገሯት፤ የሌሊቱን ጭማሪም እንድታክልበት አደረጉ።